ዋቢና ቁጥር፦ የቦሪስ ፖልያክ ሥራዎች ስለ ተጠቃሽነት ምን ያስተምሩናል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



ንግግሬን በኑዛዜ እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ አባል ነበርሁ። ከቀረቡልን ፋይሎች አንዱ ስቶካስቲክ ኦፕቲማይዜሽን የሚያጠና፣ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያመለከተ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ባልደረባ ፋይል ነበር። ከፊታችን አንድ ሠንጠረዥ ተቀምጧል። በመጨረሻው ዓምድ ላይ የእያንዳንዱ አመልካች ሥራዎች በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር ሰፍሯል። የእርሱ ቁጥር ከሁሉም ያነሰ ነበር። በፋይሉ ላይ የተነጋገርነው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ከጽሑፎቹ አንዱንም ያነበበ አልነበረም። በሙያ ከአባላቱ ሁሉ ለእርሱ የምቀርበው እኔ ነበርሁ፤ እኔም አላነበብሁም። በቃለ ጉባኤው ላይ «የሥራዎቹ ተፅዕኖ ገና አልታየም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፈረ። ዓረፍተ ነገሩን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ዓረፍተ ነገር ነው። ተፅዕኖ «ታየ» የምንለው ለማን ሲታይ ነው? በምንስ መሣሪያ? ጥያቄውን በአየር ላይ ከማንሣት ይልቅ በዚያው በስቶካስቲክ ኦፕቲማይዜሽን መስክ ስሙ በታወቀ አንድ ሰው ሥራ ላይ ልፈትነው እወዳለሁ። ሰውየው ቦሪስ ፖልያክ ነው። ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የሒሳብ ተማሪ ላልሆናችሁ መስኩን በአንድ ምሳሌ ላስተዋውቅ። እንጀራ ጋጋሪ ከምጣዱ በታች ያለውን እሳት መመጠን አለባት። ትክክለኛውን መጠን የሚነግራት ነገር የለም፤ ያላት ምልክት ከምጣዱ የሚወጣው እንጀራ ብቻ ነው። ምልክቱም የታመነ አይደለም፤ ሊጡ ወፍሮ ይሆናል፣ ነፋስ ገብቶ ይሆናል፣ እንጨቱ እርጥብ ይሆናል። አንዱ እንጀራ ባረረ ቁጥር እሳቱን አብዝታ ከቀነሰች፣ ቀጣዩ ሳይበስል በቀረ ቁጥር አብዝታ ከጨመረች፣ ቀኑን ሙሉ ስትዋዥቅ ትውላለች። ከመጀመሪያው እጅግ በጥቂቱ ብቻ ካስተካከለች ደግሞ ልኩ ላይ ሳትደርስ ሊጡ ያልቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ደፈር ብላ፣ ኋላ ግን እያሳነሰች ታስተካክላለች።

በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኸርበርት ሮቢንስና ሰተን ሞንሮ በ1951 ባሳተሙት የስምንት ገጽ ጽሑፍ ይህንኑ ጥበብ ወደ ሒሳብ አመጡት። እርምጃዎቹ አንድ፣ አንድ ሁለተኛ፣ አንድ ሦስተኛ፣ አንድ አራተኛ እያሉ ቢያንሱ፣ ድምራቸው ወሰን ስለሌለው የትም ብንጀምር ልኩ ላይ ከመድረስ የሚያግደን የለም፤ የካሬዎቻቸው ድምር ግን ውሱን ስለሆነ የስሕተቱ ጫጫታ ቀስ በቀስ ይረግባል። ዛሬ ቋንቋ የሚተረጉመው፣ ምስል የሚለየው ኒውራል ኔትወርክ ሁሉ ሲሠለጥን የሚከተለው መንገድ የዚህ ሐሳብ ዘር ነው። ነገር ግን አሠልጣኞቹ ከሚጽፏቸው ጽሑፎች በእጅጉ የሚበዙት ሮቢንስንና ሞንሮን አይጠቅሱም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፖልያክ። በ1935 ተወለደ፤ በ2023 አረፈ። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በዚያው ሠራ፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም በሞስኮ በሚገኘው የቁጥጥር ሳይንስ ኢንስቲትዩት ውስጥ ኖረ። ከሥራዎቹ ሦስቱን ብቻ አነሣለሁ፤ ሦስቱም በተጠቃሽነት ረገድ የተለያየ ዕጣ የገጠማቸው ናቸውና።

የመጀመሪያው የ1964ቱ ነው። ዝቅተኛውን ቦታ ፍለጋ ቁልቁል የምንወርድ ከሆነ በእያንዳንዱ እርምጃ ከእግራችን ሥር ያለውን ተዳፋት ብቻ ማየት ያዘገየናል። ጠባብ ሸለቆ ሲያጋጥመን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተላተምን እንጓዛለን። ፖልያክ ያቀረበው መፍትሔ የቀደመውን እርምጃ አቅጣጫ በከፊል ማቆየት ነው። ከተራራ የሚንከባለል ከባድ ኳስ በእያንዳንዷ ጉብታ እንደማይዞር ሁሉ፣ ፍለጋውም የራሱ ግፊት ይኖረዋል። ዘዴው እስከ ዛሬ «የከባዱ ኳስ ዘዴ» ይባላል።

በ1986 ሩመልሃርት፣ ሂንተንና ዊሊያምስ ኒውራል ኔትወርክን ስለ ማሠልጠን በኔቸር ጆርናል ላይ ያሳተሙትን ዝነኛ ጽሑፍ ብታነቡ ይህ የቀደመውን እርምጃ የማቆየት ዘዴ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የፖልያክ ስም ግን በዚያ የለም። ሰዎቹን ሰረቁ ልላቸው አልደፍርም፤ ሐሳቡን ራሳቸው ደርሰውበት፣ ወይም ከሌላ ሰው ሰምተውት ሊሆን ይችላል። የሶቪየቱ ጆርናል ወደ እንግሊዝኛ እየተተረጎመ ይታተም ነበር፤ ይሁን እንጂ መታተምና መነበብ አንድ አይደሉም። በ2013 ሱትስኬቨርና ባልደረቦቹ ስለዚሁ ግፊት በጻፉት ሥራ ዘዴውን ለ1964ቱ ጽሑፍ መልሰው ሰጡት። ከዚያ ወዲህ በርካታ የማሽን ለርኒንግ ተማሪዎች ፖልያክን ይጠቅሳሉ። በመካከሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እኔም በዶክትሬት ማሟያ ጽሑፌ ዘዴውን ስጠቀም የጠቀስሁት አንድ የመማሪያ መጽሐፍን ነው።

ሁለተኛው ከዚህ በአንድ ዓመት ይቀድማል። በ1963 ፖልያክ አንድ አጭር ያለእኩልነት አቀረበ። በግርድፉ የሚለው ይህን ነው፦ ያለንበት ነጥብ ከዝቅተኛው ዋጋ የቱንም ያህል ቢርቅ ርቀቱ በተዳፋቱ ካሬ ልክ የተገደበ ከሆነ፣ ቁልቁል የመውረድ ዘዴ ወደ ግቡ በፍጥነት ይደርሳል፤ ፋንክሽኑ ኮንቬክስ መሆን አያስፈልገውም። የፖላንዱ ሒሳብ ሊቅ ሎያሲዬቪችም በዚያው ዓመት ተቀራራቢ ያለእኩልነት አሳትሞ ነበርና ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል። ለረጅም ዘመን መስኩ ያተኮረው በኮንቬክስ ፋንክሽኖች ላይ ስለነበር ያለእኩልነቱን ፈላጊው ጥቂት ነበር። ኒውራል ኔትወርክ በመጣ ጊዜ ግን ኮንቬክስ ያልሆነው ዓለም የሁሉም መኖሪያ ሆነ። በ2016 ካሪሚ፣ ኑቲኒና ሽሚት የተባሉ ተመራማሪዎች ያለእኩልነቱን ከመደርደሪያ አውርደው ለብዙ ዘዴዎች ማረጋገጫ እንደሚበቃ አሳዩ። ከ53 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በአምስት ዓመት የሚለካ የዕድገት ሠንጠረዥ ይህን ሥራ ምን ይለው ነበር? «ተፅዕኖው ገና አልታየም» ይለው ነበር።

ሦስተኛው በእኔ ዓይን ከሁሉም ያማረው ነው። በሮቢንስና ሞንሮ መንገድ እርምጃው በፍጥነት ካነሰ ጉዞው ይንቀራፈፋል፤ ካላነሰ ይዋዥቃል። ፖልያክና ዩዲትስኪ በ1992 ባሳተሙት ሥራ ያሳዩት እርምጃውን ዘገም ባለ ሁኔታ እያሳነሱ መዋዠቁን መታገሥ እንደሚቻል፣ በመጨረሻም ያለፍንባቸውን ነጥቦች ሁሉ አማካይ ብንወስድ ሊገኝ የሚችለውን የመጨረሻ ትክክለኛነት እንደምናገኝ ነው። ጋጋሪያችን ቀኑን ሙሉ የሞከረቻቸውን የእሳት መጠኖች ደምራ ለብዛታቸው ብታካፍል፣ ከመጨረሻው ሙከራዋ ይልቅ አማካዩ ወደ ልኩ ይቀርባል እንደ ማለት ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ሩፐርትም በ1988 ይህንኑ ሐሳብ ለብቻው ደርሶበት ነበር፤ ያስቀመጠው ግን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቴክኒካዊ ሪፖርት ውስጥ ነው። እኛ በያዝነው ዓይነት ሠንጠረዥ ላይ ቴክኒካዊ ሪፖርት ከቁጥር አይገባም። ሐሳቡ ግን «የፖልያክና የሩፐርት አማካይ» ተብሎ የሁለቱንም ስም ይዞ ይኖራል።

ይህ ሦስተኛው ዕጣ ልዩ ነው። ስሙ የዘዴው መጠሪያ ከሆነ በኋላ ብዙ ሰው ስሙን ብቻ ይጠራል፤ ጽሑፉን አይጠቅስም። ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት ሜርተን ይህን አስተውሎ ነበር፤ አንድ ሐሳብ በዕውቀቱ ሥጋ ውስጥ ፈጽሞ ሲዋሐድ ምንጩ ይጠፋል። ስለዚህ ተጠቃሽነት ሲያንስ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል፤ ሐሳቡ አልተፈለገም፣ ወይም ሐሳቡ ከሁሉም ዘንድ ስለደረሰ ባለቤቱን የሚጠይቅ ጠፍቷል። ቁጥሩ ሁለቱን አይለያቸውም።

ለመሆኑ ቁጥሩ ከየት መጣ? ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 በሳይንስ ጆርናል ላይ የጥቅሶች ማውጫ እንዲዘጋጅ ሲያሳስብ ዋና ጉዳዩ ፍለጋ ነበር። አንድ ጽሑፍ ያነበበ ሰው ያንን ጽሑፍ ኋላ ማን እንደተጠቀመበት፣ ማን እንደነቀፈው ተከታትሎ እንዲያገኝ ነው። ማውጫው በ1960ዎቹ ሥራ ጀመረ፤ መንገድ እንዲያሳይ የተሠራው ካርታም ቀስ በቀስ ሰው መመዘኛ ሆነ። በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ አቀረበ። የአንድ ሰው ኤች-ኢንዴክስ 10 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ከዚህ የሚከተለውን አስቡ፤ በሕይወቱ አምስት ጽሑፍ ብቻ የጻፈ ሰው፣ አምስቱም ዓለምን ቢለውጡ፣ ከ5 አያልፍም።

ቁጥር ሲበዛስ ምን ይነግረናል? ኪንግማና ባ በ2014 ይፋ ያደረጉት «አዳም» የተሰኘ ዘዴ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ዘዴው በእርግጥ ጠቃሚ ነው፤ በየቀኑ እንገለገልበታለን። በውስጡም የከባዱን ኳስ ግፊት ትመለከታላችሁ። በ2018 ግን ሦስት ተመራማሪዎች የዘዴው ማረጋገጫ ስሕተት እንዳለበት አሳዩ፤ በአንድ ልኬት ብቻ ባለ ቀላል ኮንቬክስ ችግር ላይ እንኳ ዘዴው ወደ ልኩ ላይደርስ እንደሚችል ምሳሌ አቀረቡ። የጥቅሱ ቁጥር በዚህ ምክንያት አልቀነሰም። መቀነስም አልነበረበትም፤ አብዛኞቹ ጠቃሾች «በዚህ መሣሪያ ሠርተናል» ከማለት ያለፈ ነገር አልተናገሩምና። መሣሪያን ማመስገን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያ ምስጋና ማረጋገጫን መርምሮ ከመመስከር ጋር በአንድ ዓምድ ሲደመር ድምሩ ምን እንደሆነ መናገር ያስቸግራል።

እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ የሚረዳን ይመስለኛል። የጥናት ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የምንዘረዝራቸውን መጻሕፍት «ዋቢ» እንላቸዋለን። ዋቢ በጥንት ትርጉሙ ዋስ ነው። ሰው ሲበደር ወይም ሲከሰስ «ዋስ ዋቢ» ይጠራል። የተጠራው ሰው ደግሞ ማንነቱ የሚታወቅ፣ ቢጠየቅ የሚመልስ ሰው መሆን አለበት። አሥር የማይታወቁ ዋሶችን ከሚቆጥር ዳኛ ይልቅ አንዱን ዋስ አስቁሞ የሚጠይቅ ዳኛ ይታመናል። በቅኔ ቤትም ቢሆን ተማሪው የዋሸራ፣ የጎንጅ ወይም የዋድላ መሆኑ የሚነገረው ዕውቀቱ በማን በኩል እንደመጣ እንዲታወቅ ነው። እኛ ዋቢ የሚለውን ቃል ይዘን መጠየቁን ትተናል፤ የቀረን መቁጠሩ ነው።

አሁን ለቁጥሩ ጠበቃ ልሁንለት። ቁጥር ወደ ኮሚቴ ክፍሎቻችን የገባው በከንቱ አይደለም። ከቁጥሩ በፊት የነበረውን ዘመን የምናስታውስ ሰዎች እዚህ አለን። «ጥሩ ተመራማሪ ነው» የሚለው ምስክርነት አንዳንድ ጊዜ «የእኛ ሰው ነው» ማለት ነበር። ደጋፊ የሌለው፣ ዝምተኛ፣ ከሩቅ የመጣ መምህር ቁጥሩን ይዞ ሲመጣ ማንም ሊክደው የማይችል ማስረጃ አግኝቷል። ስለዚህ «ቁጥር ይቅር፣ እርስ በርስ እንተዋወቃለን» የሚለኝን ሰው አልከተለውም። ከዝምድና የሚያድነንን ነገር ስንጥል ወደ ዝምድና እንመለሳለን።

ነገር ግን በዚያ ቀን እኔን የጠቀመኝ ቁጥሩ ከአድልዎ ስላዳነኝ አልነበረም። ከማንበብ ስላዳነኝ ነው። ለዚህም ነው በ2015 የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ በመጀመሪያው መርሑ ቁጥር የባለሙያን ፍርድ ሊደግፍ እንጂ ሊተካ እንደማይገባ ያስቀመጠው። ይኸው ሰነድ መስኮች በአጠቃቀስ ልማዳቸው እንደሚለያዩ፣ ለአካባቢ ችግር የሚሠራ ምርምርም ጥበቃ እንደሚሻ ያሳስባል። በሒሳብ ውስጥ የዋቢ ዝርዝር አጭር ነው፤ ጽሑፉም በዝግታ ይነበባል። በማሽን ለርኒንግ ዝርዝሩ ረጅም፣ ንባቡ ፈጣን ነው። ሁለቱን በአንድ ዓምድ ማስተያየት በቁናና በሜትር የተለካን ነገር እንደ መደመር ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ አመልካች ከሥራዎቹ ሁለቱን ይምረጥ። ከኮሚቴው አንድ አባል፣ በመስኩ ሰው ከሌለም ከውጭ የተጋበዘ ባለሙያ፣ ሁለቱን አንብቦ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ምን አዲስ ነገር አገኘ? የት ይጠቅማል? የት ይጎድላል? ከሥሩም ስሙን ይፈርም። ዝምድናን የሚያስፈራው ይህ ፊርማ ነው፤ ቁጥር ተጠያቂ አይሆንም፣ የፈረመ ሰው ግን ይጠየቃል። ቁጥሩ ከጎኑ ይቀመጥ፤ ከዚያው መስክና ከተመሳሳይ የሥራ ዘመን ጋር ብቻ ይነጻጸር።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ አደራ አለኝ። ዘዴን ስትጠቀሙ የመጀመሪያውን ሰው ፈልጉ። ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ። በመማሪያ መጽሐፍ በኩል ያገኛችሁትንም ወደ ምንጩ ተከተሉት፤ አንዳንዴ ምንጩ ስምንት ገጽ ብቻ ነው።

ወደ ጀመርሁበት ልመለስ። ከዚያ ስብሰባ ከአንድ ዓመት በኋላ በድኅረ ምረቃ ኮርስ ላይ ስለ ግድብ ውኃ አለቃቀቅ አስተምር ነበር። የመጪው ዝናብ መጠን ሳይታወቅ በየወሩ ስንት ውኃ ይለቀቅ የሚለው ጥያቄ የስቶካስቲክ ኦፕቲማይዜሽን ጥሩ መለማመጃ ነው። የማስተማሪያ ማስታወሻውን የተረከብሁት ኮርሱን ከእኔ በፊት ይሰጥ ከነበረ መምህር ነው፤ ለሦስት ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ። በማስታወሻው ውስጥ የፖልያክን አማካይ ለውኃ ስሌት የሚያስማማ፣ ንጹሕና አጭር ዘዴ አለ። የማንም ስም አልተጻፈበትም። አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ «ይህን ማን ነው ያወጣው?» አለችኝ። አላውቅም ነበርና ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁት በዚያ ባልደረባችን ፋይል ውስጥ ከነበሩት ጽሑፎች በአንዱ ነው።

«ተፅዕኖው ገና አልታየም» ብዬ በጻፍሁበት ሰሞን ሥራውን በየሳምንቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈው ነበር።

ወደ ቢሮው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ጽሑፉን እንዳነበብሁት ስነግረው ፊቱ በራ። «ይቅርታው ይቆየን ዶክተር» አለኝ፤ «በሦስተኛው ክፍል ያለውን ስሕተት አገኙት ወይ?» አላገኘሁትም ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና አሳየኝ፤ እንዴት እንደሚታረምም አብረን ሠራን። በሁለተኛው ማመልከቻው ማዕረጉን አግኝቷል፤ ሁለት ዓመት ዘግይቶ። እነዚያን ሁለት ዓመታት ልመልስለት አልችልም። የማስተማሪያ ማስታወሻው ላይ ግን አሁን ስሙ አለ፤ ከእርሱም በላይ የሩፐርት፣ የፖልያክና የዩዲትስኪ፣ ከሁሉም በላይ የሮቢንስና የሞንሮ ስም ተጽፏል።